እርሾው ካለ ባንዱ አለ?

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጓደኛዬ ሰሞኑን የኮንሰርት ፖስተር ፎቶ ላከልኝ። በትልቁ «ጄፈርሰን ስታርሺፕ» ይላል። ጓደኛዬ ለድሮ ሮክ ሟች ነው፣ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላም አልተወውም። ከፎቶው ስር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ከነዚህ ውስጥ የድሮዎቹ ስንት ናቸው? ልግዛ ወይስ ልተወው?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ባንዱ በ1974 ሲመሰረት ከነበሩት ዛሬ ያለው አንድ ሰው ነው፣ ዴቪድ ፍራይበርግ። የተወለደው በ1938 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ አለዚያ ሁላችንም እንደናገራለን።) ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ዋለ።

ነገሩ የአንድ ባንድ ጉዳይ አይደለም። ሳይኬዴሊክ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ጉልበቱ ከ1966 እስከ 1969 ነበር። ሳን ፍራንሲስኮና ለንደን ላይ ኤልኤስዲ የሚባለው የሚያቃዥ ዕፅ እንደ ከረሜላ ሲዞር፣ ጊታሩ እንደ ገደል ማሚቶ ሲያስተጋባ፣ ኦርጋኑ ማለቂያ ሲያጣ። አይረን በተርፍላይ የሚባለው ባንድ በ1968 የለቀቀው አንድ ዘፈን 17 ደቂቃ ስለሆነ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ይዞታል። ያኔ የ22 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ 80 ሞልቶታል። ያንን ሸክላ ከተጫወቱት አራት ሰዎች የመጨረሻው ዳግ ኢንግል በሜይ 2024 አረፈ። ስለዚህ ለዚያ ሸክላ «ኦሪጅናሎቹን አምጡልኝ» ማለት ከእንግዲህ አይቻልም። ስሙ ግን አለ። ስም አይሞትም፣ የሚሞተው ሰው ነው። ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህንን እንደ ኳስ ውጤት ይቆጥረዋል። ከአምስቱ ሦስቱ ካሉ እውነተኛ ነው፣ ሁለቱ ካሉ እንዲያው ነው፣ አንዱ ብቻ ካለ ማጭበርበር ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሁለት ታሪኮች ናቸው ሐሳቤን ያስቀየሩኝ።

አንደኛው ዲፕ ፐርፕል ነው። ይህ ባንድ ሄቪ ሜታል ከመባሉ በፊት፣ በ1968፣ ሳይኬዴሊክ ነገር ይነካካ ነበር፣ ድምፃዊውም ሮድ ኢቫንስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ትልቅ ዘፈናቸውን የዘፈነው እሱ ነው። በ1969 ተሰናበተ። ባንዱ ያለ እሱ ዓለምን አዳረሰ፣ ከዚያ በ1976 ፈረሰ። በ1980 አንድ አስተዋዋቂ ድርጅት ኢቫንስን አግኝቶ አራት የማይታወቁ ሙዚቀኞች አሰለፈለትና «ዲፕ ፐርፕል» ብሎ መድረክ ላይ አወጣቸው። ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ። የገባው የ1970ዎቹን ዘፈኖች፣ እነዚያን ጊታሪስቶች፣ ያንን ኦርጋን ብሎ ነው። ያገኘው ሌላ ነገር ሆነ፣ ተቆጣም። የእውነተኛው ባንድ ሰዎች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም እነ ኢቫንስ 672,000 ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደ። ኢቫንስ ከዚያ በኋላ ከአደባባይ ጠፋ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ኢቫንስ ኦሪጅናል አባል ነው። ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ሰው! በቁጥር ከሄድን «አንድ ኦሪጅናል አለ» ብለን ማለፍ ነበረብን። ግን ማንም አልተቀበለውም፣ ትክክልም ነው።

ሁለተኛው ጎንግ የሚባለው ባንድ ነው። መስራቹ ዴቪድ አለን የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ሶፍት ማሺን የተባለውን ባንድ አብሮ መሰረተ፣ በ1967 ፈረንሳይ ተጫውቶ ሲመለስ የእንግሊዝ ኢሚግሬሽን አላስገባም አለው፣ እዚያው ፈረንሳይ ቀረና ጎንግን ጀመረ። (በቪዛ ምክንያት የተወለደ ባንድ። ይህንን የሚረዳ የሐበሻ አንባቢ አላጣም።) አለን በ2015 በ77 ዓመቱ አረፈ። ከመሞቱ በፊት ግን አብረውት የነበሩትን ሙዚቀኞች ቀጥሉ አላቸው። ፊት እንዲቆም የፈለገው ካቩስ ቶራቢን ነው። ቶራቢ ቴህራን የተወለደ፣ እንግሊዝ ያደገ ጊታሪስት ነው። ጎንግ ሲመሰረት ጭራሽ አልተወለደም። ባንዱን የተቀላቀለው መስራቹ በሕይወት እያለ ነው፣ ከጎኑ ቆሞ ተጫውቷል፣ ምን ሲያስቀው ምን ሲያናድደው እንደነበር አይቷል። ዛሬ ጎንግ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንድም ሰው የለም። ዜሮ። ግን በ2016፣ በ2019 እና በ2023 አዳዲስ አልበሞች አወጡ፣ የድሮውን ብቻ እየደጋገሙ አልተቀመጡም። ነገሩ የሚገባቸው የድሮ አድማጮችም ተቀበሏቸው።

አንድ ኦሪጅናል ያለው የውሸት ሆነ፣ ዜሮ ያለው እውነተኛ ሆነ። ታዲያ የሚለካው ምንድን ነው?

እኔ ቤት ውስጥ የለመድኩትን ነገር ነው ያሰብኩት። እርሾን። ሊጡ ይጋገራል፣ ይበላል፣ ያልቃል። ግን ከላይ ያቆረው ቢጫ ውሃ ተቀንሶ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ዱቄት ላይ ይገባል። እናቴ እርሾ ሲያልቅባት ጎረቤት ትልከን ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የበላነው እንጀራ አንድም ቅንጣት ዛሬ የለም፣ እርሾው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሊሆን ይችላል። ማንም «ይህ እንጀራ ስንት ኦሪጅናል ጤፍ አለው?» ብሎ አይጠይቅም። ኢቫንስ ጥቂት ዱቄት ይዞ ነው የመጣው፣ ለዚያውም እርሾው ያለው እነ ጊታሪስቱ ብላክሞርና ኦርጋን ተጫዋቹ ጆን ሎርድ ጋ ነበር። ጎንግ ውስጥ ግን ዱቄቱ ሁሉ አዲስ ነው፣ እርሾው ገብቷል።

ይህን ይዛችሁ ፒንክ ፍሎይድን እዩት። ስሙን ያወጣው፣ የመጀመሪያውን አልበም አብዛኛውን ዘፈን የደረሰው፣ ሳይኬዴሊክ ያደረጋቸው ሲድ ባሬት ነው። በ1968 መጀመሪያ ላይ ከባንዱ ወጣ። አእምሮው ታውኮ መድረክ ላይ መጫወት አቅቶት ነበር። ዴቪድ ጊልሞር እሱ እያለ ገባ፣ ለጥቂት ጊዜ አምስት ሆነው ተጫወቱ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የ1973ቱ አልበማቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «መስራቹ ከሌለ ባንዱ የለም» የሚል ሰው በዚህ ሒሳብ ታላቁን ፒንክ ፍሎይድ ራሱ የውሸት ባንድ ሊያደርገው ነው። በ1985 ደግሞ ሮጀር ዋተርስ ወጣ፣ ያለ እኔ ስሙን መጠቀም አትችሉም ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ1987 መጨረሻ ተስማሙ። ጊልሞርና ኒክ ሜሰን ስሙን ያዙ፣ ዋተርስ ደግሞ የአንዳንድ ሥራዎቹን መብትና ያንን በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን አሳማ ያዘ። አዎ፣ አሳማው ውሉ ውስጥ አለ።

ኒክ ሜሰን፣ ከበሮ መቺው፣ በሁሉም የፒንክ ፍሎይድ አልበሞች ላይ ያለ ብቸኛው ሰው ነው። ከ2018 ጀምሮ የባሬትን ዘመን ዘፈኖች ይዞ ይዞራል። ግን ፖስተሩ ላይ «ፒንክ ፍሎይድ» አላለም። የራሱን ስም ከፊት አድርጎ ከሁለተኛው አልበማቸው ርዕስ የተወሰደ ስም ለጠፈ። ለእኔ ከዚህ በላይ ጨዋነት የለም። የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፣ የማይገባው ሰው ደግሞ በስሙ አልተታለለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ሮክ ላይ ጠበቃ ያስመዘግበዋል።

አሁን በ1969 የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሕጉ ጉዳይ ያለ እሱ አይገባም። ዞምቢስ የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነበር። በ1967 አንድ ግሩም አልበም ቀርጸው፣ ገንዘብም እውቅናም ሲያጡ፣ አልበሙ ሳይወጣ ተበተኑ። ሸክላው በ1968 ወጣ፣ ማንም ልብ አላለውም። በ1969 ከመካከሉ አንድ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ ፈንድቶ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ሕዝቡ «ዞምቢስን አምጡልን» አለ። ዞምቢስ የለም፣ አንዱ ቢሮ ገብቶ ተቀጥሯል፣ ሌላው አዲስ ባንድ እያቋቋመ ነው። አንድ የሚሺጋን ድርጅት ክፍተቱን አየና ከየትም የሰበሰባቸውን ልጆች «ዞምቢስ» እያለ አሜሪካን አዞራቸው። አንዱ ቡድን ከቴክሳስ የመጡ ልጆች ነበሩ። ከነሱ ሁለቱ፣ ደስቲ ሂልና ፍራንክ ቢርድ፣ በኋላ በረዥም ጢምና በቀይ መኪና የታወቀው ዚዚ ቶፕ የተባለ ትልቅ ባንድ ውስጥ ገቡ። (ቢርድ ማለት በእንግሊዝኛ ጢም ነው፣ ከሦስቱ ጢም የሌለው ደግሞ ቢርድ ነው። ይህ ከርዕሳችን ውጭ ነው ግን ማለፍ አልቻልኩም።) የባንዱ ፊት የማይታወቅበት፣ ስልክ ከፍቶ የማይጣራበት ዘመን ነበር። ዛሬ ይህ ዓይነቱ ዓይን ያወጣ ነገር ይከብዳል። የዛሬው ድብብቆሽ ሕጋዊ ነው፣ ልዩነቱ ያ ነው።

እንዴት? አሜሪካ ውስጥ የባንድ ስም የንግድ ምልክት ነው፣ እንደ ለስላሳ መጠጥ ስም። ባለቤቱ የተመዘገበው ሰው ወይም ኩባንያ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሠላሳ የሚበልጡ ግዛቶች ተመልካችን ከውሸት ባንድ የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ በግርድፉ የሚለው ይህንን ነው፦ መድረክ ላይ ያንን ዘፈን ከቀረጹት ቢያንስ አንዱ ይኑር፣ ወይም «ይህ መታሰቢያ ዝግጅት ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ጥሩ ነው። ግን የተመዘገበው ስም ባለቤት ከሆንክ ነፃ ነህ። ስለዚህ ስሙ በእጁ ያለ ሰው አንድም የድሮ አባል ሳይኖረው በሕግ ሙሉ መብት ይዞ ሊዞር ይችላል፣ ሦስት የድሮ አባላት ደግሞ አንድ ላይ ሆነው ስሙን መጥራት ሊከለከሉ ይችላሉ። ስቴፐንዎልፍን የመሰለ ባንድ ይህን አይቶታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት የቀድሞ አባላት ባንዱን ይዘው ሲዞሩ ድምፃዊው ጆን ኬይ ስሜን አበላሹት ብሎ በ1980 የራሱን ስም ጨምሮበት ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ የቤዝ ተጫዋቹ ጉዳይ እስከ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2000 «የስቴፐንዎልፍ የቀድሞ አባል» ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ ይችላል አለ። አስቡት፣ በሕይወትህ የሠራኸውን ሥራ ሠርቻለሁ ለማለት ዳኛ ሲያስፈልግህ።

ዶርስ የተባለው ባንድ ነገር ደግሞ ይለያል። ድምፃዊው ጂም ሞሪሰን በ1971 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በ2002 ኪቦርዲስቱ ሬይ ማንዛሬክና ጊታሪስቱ ሮቢ ክሪገር ሌላ ድምፃዊ ይዘው በባንዱ ስም ላይ «የ21ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ቅጥያ ጨምረው ወጡ። ከአራት ሁለት ኦሪጅናሎች! ከበሮ መቺው ጆን ዴንስሞር ግን ሞሪሰን የሌለበት ዶርስ የለም ብሎ ከሰሳቸው፣ የሞሪሰን ቤተሰብም አብሮት ቆመ። በ2005 ፍርድ ቤቱ ስሙን ከለከላቸው። ዴንስሞር ዘፈናቸው ለካዲላክ ማስታወቂያ በ15 ሚሊዮን ዶላር ሲጠየቅም እምቢ ያለ ሰው ነው። ብዙ ሰው ደረቅ ነው ይለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ ዶርስ ከመጀመሪያው ጀምሮ የዘፈን ገቢያቸውን ለአራት እኩል ነበር የሚካፈሉት። ዴንስሞር እምቢ የማለት አቅም ነበረው።

አብዛኛው ከበሮ መቺ ያ አቅም የለውም፣ ዋናው ነጥብም ይኼ ነው። ሽማግሌዎቹ ለምን አያርፉም የሚል ሰው ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ ይመልከት። አሜሪካ ውስጥ ዘፈን በተራ ሬዲዮ ሲተላለፍ የሚከፈለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው። ለዘፋኙና ለተጫዋቹ ምንም። አንድ ሰው ያ ሁሉ ዓለም የሚያፏጨው ዘፈን ላይ ከበሮ መትቶ፣ ግጥምና ዜማው ላይ ስሙ ስላልተጻፈ ብቻ፣ ዘፈኑ ሃምሳ ዓመት ሬዲዮ ላይ ሲጮህ አንድ ሳንቲም አያገኝም። ፕሮኮል ሃረም የተባለው ባንድ የ1967 ዝነኛ ዘፈኑ ላይ ያንን የማይረሳ የኦርጋን መግቢያ የተጫወተው ማቲው ፊሸር በ2005 ከሰሰ፣ ክርክሩ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ሄዶ በ2009 ነው መብቱ የጸናለት። ከተቀረጸ ከ42 ዓመት በኋላ! ለሌላው የቀረው መውጫ መድረክ ነው። መድረክ ላይ ስሙ ከሌለ ደግሞ ሰው አይመጣም። የ80 ዓመት ሰው ሆቴል ለሆቴል ሲንከራተት ስታዩ ዝና ፍለጋ ብቻ አይምሰላችሁ፣ አንዳንዱ የቤት ኪራይ ነው።

የግሬትፉል ዴድ ባንድ ሰዎች ሌላ መንገድ አሳዩ። ጊታሪስታቸው ጄሪ ጋርሲያ በኦገስት 1995 ሲሞት የቀሩት በዚያው ዓመት መጨረሻ ስሙን አሳረፉት። ሙዚቃውን ግን አላቆሙም፣ በየጊዜው አዲስ ስም እየሰጡ ቀጠሉ። የመጨረሻው ዴድ ኤንድ ካምፓኒ ነው፣ ጊታሩን የያዘው ጆን ሜየር ባንዱ ከተመሰረተ 12 ዓመት ቆይቶ ነው የተወለደው። በኦገስት 2025 ለ60ኛ ዓመታቸው ሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ ሦስት ቀን ተጫወቱ። ሰዉ ጋርሲያ እንደሌለ እያወቀ ጎረፈ። ማንም አልተታለለም፣ ማንም ገንዘቤን መልሱ አላለም።

እኛ አገር ይህ ጭቅጭቅ ብዙ የማይሰማበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። የፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ኦሪጅናል አባል ስንት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተቋም ነው፣ ሰው ይገባል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ስሙ ይቀጥላል። የሮክ ባንድ ግን የጓደኛሞች ጉዳይ ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ሲጎድል የሚያመው። ወደ ሮክ ባንድ የሚጠጉት የሆቴል ባንዶቻችን ናቸው፣ በተለይ ዋልያስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄደው ከፊሉ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስታቸው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ወደ ዓለም መድረክ ሲመለስ ከሁለት ሙዚቀኞች ጋር፣ በራሱ ስም ነበር። «ዋልያስ» ቢለው ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር? አላለም።

ጄፈርሰን ስታርሺፕ ደግሞ በስም ጠብ የሰለጠነ ቤት ነው። መስራቹ ፖል ካንትነር በ1984 ሲወጣ ከሰሰ፣ የቀሩት «ጄፈርሰን» የሚለውን ጥለው «ስታርሺፕ» ብቻ ሆኑ፣ በ1985 በዚያ ስም አንደኛ የወጣ ዘፈን አገኙ (ዘፈኑን አልወደውም፣ ግን ወጥቷል)። ካንትነር በ1990ዎቹ ሙሉ ስሙን መልሶ አነሳው። በጃንዋሪ 2016 ሲሞት ባንዱ ቀጠለ፣ በ2017 ደግሞ የድሮው ጊታሪስት ክሬግ ቻኪኮ ስሙን የመጠቀም ፈቃድ የተሰጠው ለካንትነር ነበር፣ እሱ ከሞተ ስሙም አብሮ ያበቃል ብሎ ከሰሰ። በሕግ ምን እንደሚባል ለጠበቆቹ ትቼዋለሁ።

ማታ ጓደኛዬ ደወለ።

«እህ፣ ምን ወሰንክልኝ?»

«ድምፃዊቷ ካቲ ሪቻርድሰን ናት አይደል? መቼ ነው የገባችው?»

ፈልጎ ነገረኝ። በ2008።

«ካንትነር እስኪሞት አብራው ስምንት ዓመት ዘፍናለች ማለት ነው። በላ ግዛ።»

ትንሽ ዝም አለና የትኬቱን ዋጋ ነገረኝ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጋር። ይህን ሳላውቅ ነበር ግዛ ያልኩት።